የቤንዚን ትነት የሚያበራው የቼክ ኢንጂን መብራት፦ ከየትኛው ፍተሻ ይጀመር?

መኪናው ይነሳል፣ ጉልበቱ እንደበፊቱ ነው፣ የሚሰማ እንግዳ ድምፅም የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ቢጫዋ የሞተር ምልክት በርታለች። መኪናው የመዘገበው የጥፋት ኮድ ሲነበብ «የትነት መቆጣጠሪያ ሲስተም፣ ማስተንፈስ» ይላል። ከዚህ በኋላ መካሪው ይበዛል። አንዱ «የቤንዚን ክዳኑን አጥብቀው፣ በራሱ ይጠፋል» ይላል። ሌላው «ፐርጅ ቫልቩን ቀይር» ይላል። ሦስተኛው ካኒስተሩ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይነግርዎታል፤ አራተኛው ኮዱን አጥፍቶ መንዳትን ይመርጣል። ሁሉም የሚናገሩት የደረሰባቸውን ነው፤ ነገር ግን የእነሱ መኪና ያስተነፈሰበት ቦታና የእርስዎ መኪና የሚያስተነፍስበት ቦታ አንድ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እዚህ የማወዳድረው ስድስት መንገዶችን ነው፦ ክዳኑን ማየትና መጠበቅ፣ በእጅና በዓይን መፈተሽ፣ ለቫልቮቹ ትዕዛዝ በሚሰጥ ስካነር መፈተሽ፣ በጭስ ማስፈተሽ፣ በግምት ዕቃ መቀየር፣ እንዲሁም ኮዱን እያጠፉ መንዳት። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ቀዳዳውን ሳያዩ ወይም ቫልቩን ሳይፈትኑ ዕቃ አይግዙ። ከየትኛው መንገድ እንደሚጀመር ደግሞ ከጎረቤት ምክር ይልቅ ኮዱ ራሱ ይናገራል።

አስቀድሞ ሁለት ማሳሰቢያ

መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ አይደለም። ያ የሚሆነው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሳይቃጠል ሲያልፍ ነው፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጽጃውን) ስለሚያቃጥለው ፍጥነት ቀንሰው በቶሎ ይቁሙ። የትነት ብልሽት የሚያሳየው ሳያቋርጥ የሚበራ መብራት ነው።

ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። መኪናው ውስጥ ወይም ሥር ጠንከር ያለ የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ወይም ታንኩ አካባቢ እርጥበት ካዩ፣ እየፈሰሰ ያለው ቤንዚኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ የሚወዳደር ምርጫ የለም። መኪናው ቆሞ መታየት አለበት፤ በአጠገቡም ሲጋራ አይለኮስ፣ መብየጃም አይነሳ።

ሲስተሙ እንዴት ይሠራል?

ቤንዚን ሞተሩ ጠፍቶም ይተናል። ትነቱ ወደ አየር ከወጣ በፀሐይ ብርሃን ከሌሎች የጭስ ጋዞች ጋር ተዋህዶ ምድር አጠገብ ኦዞን ይፈጥራል፤ የከተማ አየር የሚያፍነውና ሳንባ የሚጎዳው በዚህ ነው። ስለዚህ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) የሚነሳው ትነት በቱቦ ሄዶ ካኒስተር ወደሚባል፣ በከሰል ወደተሞላ ሳጥን ይገባል። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ያንን ትነት ስቦ ያቃጥለዋል። በካኒስተሩ ሌላ ጫፍ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ቬንት ቫልቭ አለ።

ስለሁለቱ ቫልቮች አንድ ነገር ይያዙ፤ በኋላ የሚመጣው ፍተሻ ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል። ፐርጅ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ዝግ ነው። ቬንት ቫልቭ ደግሞ በአብዛኞቹ መኪናዎች ኤሌክትሪክ ካላገኘ ክፍት ነው።

መኪናው ራሱን ሲፈትን ሁለቱንም ዘግቶ ሲስተሙን ያሽገዋል፤ ከዚያ ግፊቱ ባለበት ይቆይ እንደሆነ በሰልባትዮው ግፊት ሴንሰር ይከታተላል። አንዳንዱ ለዚህ የሞተሩን ስበት (አየር የመሳብ ኃይል፣ ቫኪዩም) ይጠቀማል፤ አንዳንዱ የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ መኪናው ከቆመ በኋላ ቤንዚኑ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን ስበት ይለካል። ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ይህን ፍተሻ በፓምፕ ያካሂዳሉ። «ማታ ደህና አቁሜው ጠዋት መብራቱ በራ» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ 2 (መኪናው ራሱን ፈትኖ ኮድ የሚመዘግብበት ሥርዓት) እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ የዚህ ዓይነት ኮድ በብዛት የሚታየውም በእነሱ ላይ ነው። ለሌላ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ካኒስተርና ፐርጅ ቫልቭ ቢኖራቸውም ሲስተሙ እንደሚያስተነፍስ ራሳቸውን አይፈትኑም። በናፍጣ የሚሄድ መኪና ይህ ሲስተም የለውም።

የምናወዳድርበት መስፈርት

ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ጥፋቱን በእርግጥ ያሳየኛል ወይስ ያስገምተኛል የሚለውን ነው። ቀጥሎ ወጪው አለ፤ ወጪ ስል የመሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ተሳስተን የምንገዛውን ዕቃ ጭምር ነው። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ከቤንዚን ትነት ጋር ስለምንሠራ አራተኛው አደጋ ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ከጥገናው በኋላ ነገሩ መስተካከሉን የሚያረጋግጥ ነገር ይሰጠናል?

ኮዱን ሳያነቡ ምንም አይጀመር

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ኮድ ማንበቢያ ለዚህ ይበቃል። መሰኪያው 16 ቀዳዳ ያለው ሲሆን ከመሪው በታች፣ በዳሽቦርዱ ሥር ይገኛል። ኮዱን ካነበቡ በኋላ ለማጥፋት አይቸኩሉ። ከኮዱ ጋር መኪናው በዚያች ቅጽበት የመዘገበው መረጃ አለ፦ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ በብዙዎቹም ላይ የነዳጁ መጠን። ኮዱ ሲጠፋ ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል። በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።

ኮዶቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ምርጫውን የሚወስነውም ይህ ክፍፍል ነው።

*ትልቅ ማስተንፈስ፦* ፒ0455 እና ፒ0457። ሁለተኛው በቀጥታ ክዳኑን ይጠረጥራል። እዚህ ያለው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ይታያል፦ የወለቀ ቱቦ፣ ያልተዘጋ ክዳን፣ ክፍት ቀርቶ የደረቀ ቫልቭ።

*ትንሽ ማስተንፈስ፦* ፒ0442 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቀዳዳ ያመለክታል፤ ፒ0456 ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህሉን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት በተማሪ መካኒካል እርሳስ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ፍሬ ውፍረት ነው። ይህን በዓይን እፈልጋለሁ ብሎ መኪና ሥር መግባት ብዙ ያደክማል።

*የቫልቭ ወይም የሴንሰር ጥፋት፦* ፒ0441 እና ፒ0496 የፐርጅ ፍሰት ልክ አለመሆኑን፣ ፒ0443 የፐርጅ ቫልቩን የኤሌክትሪክ መስመር፣ ፒ0446 የቬንት ቫልቩን መቆጣጠሪያ፣ ከፒ0451 እስከ ፒ0453 ያሉት የግፊት ሴንሰሩን ይመለከታሉ። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ቀዳዳ ፍለጋ አይቅደም። ፒ0440 ግን ጥቅል ኮድ ነው፤ ከሦስቱም ሊሆን ይችላል።

አንደኛው መንገድ፦ ክዳኑን ማየትና መጠበቅ

ወጪ የለውም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ከዚህ ቢጀምር ደግ ነው። ክዳኑን ከፍተው የጎማ ቀለበቱን በጣት ይዳስሱ። ለስላሳና ሙሉ መሆን አለበት፤ ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም አንድ ወገኑ ከተደፈጠጠ አልቋል። ቀለበቱ የሚያርፍበትን የመሙያ አንገቱን ከንፈርም ይዩ፤ እዚያ ላይ ያለ ዝገት ወይም የተጋገረ አቧራ አዲስ ክዳንም ቢሆን እንዳይገጥም ያደርገዋል። በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ እስኪሰጥ አጥብቀው ይዝጉ።

ክዳን ከቀየሩ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ይግዙ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ክዳን ጥርሱ ቢገባም ላያሽግ ይችላል። ያለ ክዳን በምላስ ብቻ የሚዘጋ አንገት ያላቸው መኪናዎችም አሉ፤ እዚያ ላይ በምላሱ ጠርዝ የተያዘ አሸዋ ይበቃል።

ችግሩ ያለው መጠበቁ ላይ ነው። ክዳኑን ቢያጠብቁም መብራቱ ወዲያው አይጠፋም፤ መኪናው ፍተሻውን አካሂዶ በሦስት ተከታታይ ጉዞ ጥፋት ማጣት አለበት። ፍተሻው ደግሞ በየጉዞው አይካሄድም። ሰልባትዮው በጣም ሙሉ ወይም በጣም ጎዶሎ ከሆነ፣ አየሩ ከልክ በላይ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ከተነሳ፣ ይዘለላል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ በላይ በሆነ ከፍታም ብዙ መኪናዎች ፍተሻውን ያቆሙታል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ሁለት ወር ግን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ፦ በእጅና በዓይን

ለትልቅ ማስተንፈስና ለቫልቭ ኮዶች ይህን እመርጣለሁ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና ነጭ ጨርቅ ይበቃሉ። በእጅ የሚሠራ የስበት ፓምፕ ቢኖር ደግሞ አንድ ቱቦ ወይም ቫልቭ ስበት ይዞ መቆየቱን ለይቶ መፈተን ይቻላል።

ከኮፈኑ ሥር ይጀምሩ። ፐርጅ ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ማኒፎልድ አጠገብ ነው፤ ሁለት ቱቦና አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ቀጥሎ ከካኒስተሩ የሚመጣውን ቱቦ ከቫልቩ አውጥተው ጣትዎን በቫልቩ አፍ ላይ ያድርጉ። ኤሌክትሪክ የለውምና ዝግ መሆን አለበት። ጣትዎን የሚስብ ከሆነ ቫልቩ ክፍት ቀርቷል፤ ጥፋቱ ተገኘ። ቤንዚን በሞሉ ቁጥር ሞተሩ አልነሳ እያለ የሚያስቸግር መኪና በብዛት የሚታመመው ከዚህ ነው፤ ትነቱ ያለ ልክ ወደ ሞተሩ ይገባል።

ቫልቩን ከፈቱት አይቀር በነጭ ጨርቅ ላይ ቀስ አድርገው ያራግፉት። እንደ ደቃቅ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ፍሬ ከወደቀ እሱ የካኒስተሩ ከሰል ነው፤ ካኒስተሩ ውስጡ ተሰባብሯል ማለት ነው። ይህን ሳያዩ ፐርጅ ቫልቩን ብቻ የቀየረ ሰው አዲሱም በዚያው ከሰል ተይዞ ክፍት ይቀርበታል። ለካኒስተር መሞት ተደጋጋሚው ምክንያት ማደያ ላይ መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምር» እያሉ መሙላት ነው፤ ለትነት የተሠራው ሳጥን ፈሳሽ ቤንዚን ይጠጣል።

ወደ ኋላ ሲሄዱ ቬንት ቫልቩ አለ። ካኒስተሩ ላይ ወይም አጠገቡ ስለሚቀመጥ ጭቃና አቧራ ያገኘዋል። ፈትተው እፍ ቢሉበት አየር ማሳለፍ አለበት፤ 12 ቮልት ሲሰጡት ጠቅ ብሎ መዝጋት አለበት። ዝግ ሆኖ ከደረቀ ምልክቱ ማደያ ላይ ይታያል፤ ቤንዚን ሲቀዱ መቅጃው ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ፓምፕ ባላቸው መኪናዎች ይህ ክፍል ከካኒስተሩ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚመጣ ለብቻው መፈተን አይመችም።

መኪና ሥር ከገቡ በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፤ በጠንካራ መቆሚያ ያስደግፉት።

ሦስተኛው መንገድ፦ ትዕዛዝ የሚሰጥ ስካነር

ተራው ማንበቢያ ኮድ ያነባል፤ ይህኛው ቫልቮቹን «ተዘጋ፣ ተከፈት» ብሎ ያዝዛል፣ የሰልባትዮውን ግፊትም እያሳየ ይከታተላል። ከወንበርዎ ሳይነሱ ቬንቱን ዘግተው፣ ፐርጁን ከፍተው፣ ስበቱ ሲገባ ማየት፤ ከዚያ ፐርጁን ዘግተው ስበቱ ምን ያህል እንደሚቆይ መቁጠር ይችላሉ። ስበቱ ከነጭራሹ ካልገባ ቀዳዳው ትልቅ ነው ወይም ቫልቭ አልታዘዘም፤ ገብቶ ቀስ ብሎ ከጎደለ ቀዳዳው ትንሽ ነው።

ሴንሰሩንም በቀላሉ ይፈትኑበታል። ክዳኑን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያብሩ። ሰልባትዮው ለአየር ክፍት ስለሆነ ከውጭው አየር ጋር ያለው የግፊት ልዩነት ዜሮ አካባቢ መነበብ አለበት። ሌላ ቁጥር ከመጣ ቀዳዳ ያለበት የመሰለው ሲስተም ደህና ሆኖ የሚዋሸው ሴንሰሩ ወይም መስመሩ ሊሆን ይችላል።

ጉድለቱ፣ ሲስተሙ እንደሚያስተነፍስ እንጂ በየት እንደሚያስተነፍስ አለመናገሩ ነው። ለአንድ መኪና ብቻ መግዛት ያከስራል። ብዙ መኪና ለሚያስተዳድር ሰው ወይም ጋራዥ ግን በጥቂት ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል።

አራተኛው መንገድ፦ የጭስ ፍተሻ

ፒ0442 ወይም ፒ0456 ከሆነ፣ ክዳኑ ታይቶ ደህና ከሆነ፣ ቀጥታ ወደዚህ ይምጡ። ማሽኑ ማዕድናዊ ዘይት አሙቆ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ በዝቅተኛ ግፊት ወደታሸገው ሲስተም ይገባል፤ ከዚያ በእጅ ባትሪ እያበሩ የሚወጣበትን መፈለግ ነው። ፍተሻው ትርጉም እንዲኖረው ቬንት ቫልቩ በስካነር ትዕዛዝ መዘጋት ወይም ቱቦው መታፈን አለበት፤ ካልሆነ ጭሱ በዚያው ይወጣና «እነሆ ቀዳዳው» ያስብላል።

እኔን ያሳመነኝ የራሴ መኪና ነው። ኮዱ ፒ0442 ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥ ፐርጅ ቫልቭ ነው ተባልኩ፤ ቀየርኩ፤ መብራቱ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ካኒስተር ነው ተባልኩ፤ እሱንም ቀየርኩ፤ ተመለሰ። ሁለቱም አሮጌ ዕቃዎች በኋላ ሲፈተኑ ደህና ነበሩ። በመጨረሻ ጭስ የሚያስገባ ሰው ዘንድ ሄድኩ። የቀኝ የኋላ ጎማው ወለቀ፣ የጭቃ መከላከያው ተፈታ፣ ጭሱ ገባ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልታየም። ከዚያ ቤንዚን የሚሞላበት የብረት አንገት ከማሰሪያው ጋር በሚነካካበት ቦታ፣ ጭቃ ለዓመታት ተኝቶ ባዛገው ሥፍራ፣ እንደ ጧፍ ጭስ የቀጠነ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ዝገቱን በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ሁለት ደህና ዕቃ ያስጣለኝ ያ ነበር። ቦታው ከላይም ከታችም የማይታይ ስለነበር የትኛውም ጎበዝ መካኒክ በዓይኑ ባላገኘውም አልፈርድበትም፤ የምቆጨው ማንም ቀድሞ በጭስ እንየው አለማለቱ ነው።

ጭስ ደጋግሞ የሚያጋልጣቸው ሌሎች ቦታዎች በሰልባትዮው ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ጎማ፣ የደረቁ የቱቦ ጫፎች፣ የተሰነጠቀ የካኒስተር ፕላስቲክ እና የክዳኑ ዙሪያ ናቸው። በተለይ ፓምፑ በቅርቡ ወጥቶ የገባ ከሆነ ጎማው ተጣሞ መግባቱን ይጠርጥሩ።

በግፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ለዚህ ፍተሻ የሚፈቀደው ከ0.035 ባር አይበልጥም። የመኪና ጎማ በብዙዎቹ 2 ባርና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ይህም ከ50 እጥፍ በላይ ነው። «በኮምፕሬሰር ነፋስ ሰጥቼ በሳሙና ውሃ አየዋለሁ» የሚል ካለ አይፍቀዱለት፤ ካኒስተሩን፣ ሴንሰሩን ወይም ሰልባትዮውን ሊያፈነዳ ይችላል፣ አየርንም ከቤንዚን ትነት ጋር ይቀላቅላል። ጠንቃቃ ባለሙያዎች ጭሱን በአየር ፋንታ በናይትሮጅን የሚያስገቡት ለዚህ ነው። በቆርቆሮና በሚግል ሽቦ ቤት ውስጥ የሚሠራውን የጭስ ማሽን ለዚህ ሲስተም በፍጹም አልመክርም፤ የጋለ ሽቦ በቱቦ ከቤንዚን ታንክ ጋር ማገናኘት ነው።

አምስተኛው መንገድ፦ በግምት መቀየር

ከክዳን በስተቀር አልደግፈውም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ በፈተና ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ቫልቭ መቀየር ግምት አይደለም። «ይህ ሞዴል ሁልጊዜ እሱ ነው የሚበላሽበት» የሚለውን አባባል ግን ቅድሚያ የሚፈተነውን ለመምረጥ እንጂ ለመግዛት አይጠቀሙበት። ያገለገለ ካኒስተር መግዛትም ያው ግምት ነው፤ ውስጡ ቤንዚን የጠጣ ይሁን አይሁን ከላይ አይታይም።

ስድስተኛው መንገድ፦ ኮዱን እያጠፉ መንዳት

ትነቱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ሽታም ከሌለ፣ መኪናው መንገድ ላይ አያቆምዎትም። በዚህ በኩል ሰዎች የሚሉት ልክ ነው። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ መብራቷ አንዲት ናት። በትነት ምክንያት ሁልጊዜ ከበራች፣ ነገ የኦክሲጅን ሴንሰር ወይም የማቀጣጠያ ችግር ሲመጣ የሚያሳውቅዎ የለም። ባትሪ ነቅሎ ማጥፋትም ለውጥ አያመጣም፤ መኪናው ፍተሻውን በሁለት ጉዞ ደግሞ ያንኑ ሲያገኝ መልሶ ያበራዋል። ዕቃ ለመግዛት ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው በዚህ መልክ ቢቆይ አልነቅፈውም፤ በየሳምንቱ ኮዱን እያነበበ አዲስ አለመጨመሩን እስካየ ድረስ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ጥፋቱን ያሳያል? | ወጪ | ጊዜ | አደጋ | የሚስማማው ኮድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ክዳን ማየትና መጠበቅ | ክዳን ከሆነ ብቻ | ከምንም እስከ አንድ ክዳን | 5 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ 2 ሳምንት | የለም | ፒ0457፣ ፒ0455 |
| በእጅና በዓይን | ትልቁንና ቫልቮቹን | በጣም ዝቅተኛ | ግማሽ ቀን | ጥንቃቄ ካለ ዝቅተኛ | ፒ0455፣ ፒ0441፣ ፒ0496፣ ፒ0446 |
| ትዕዛዝ የሚሰጥ ስካነር | የትኛው ክፍል እንደሆነ እንጂ ቦታውን አይደለም | መግዣው ከፍተኛ፣ ማስፈተሻው መካከለኛ | ከ1 ሰዓት በታች | ዝቅተኛ | የቫልቭና የሴንሰር ኮዶች፣ ፒ0440 |
| የጭስ ፍተሻ | አዎ፣ ቦታውን | መካከለኛ | 1 ሰዓት ገደማ | ግፊቱ ከተጠበቀ ዝቅተኛ | ፒ0442፣ ፒ0456፣ ያልተገኘ ፒ0455 |
| በግምት መቀየር | አይ | ሊደራረብ ይችላል | አይታወቅም | ዝቅተኛ | የትኛውም |
| ኮድ እያጠፉ መንዳት | አይ | የለም | አያልቅም | ሌላ ጥፋት ይሸፍናል | ጊዜያዊ ብቻ |

ለማን የትኛው?

እጅዎ ላይ ምንም ገንዘብ ከሌለ ክዳኑን ያጽዱ፣ ፐርጅ ቫልቩን በጣትዎ ይፈትኑ። ሁለቱም ያለ ወጪ የሚሠሩ ናቸው።

ለአንድ ነገር የሚሆን ገንዘብ ብቻ ካለዎትና ኮዱ የትንሽ ማስተንፈስ ከሆነ፣ ያንን ገንዘብ ለጭስ ፍተሻ ያውሉት። ኮዱ ፒ0443 ወይም ፒ0446 ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የአውቶ ኤሌክትሪሽያን ሥራ ነው፤ የተቃጠለ ፊውዝ፣ አይጥ የበላችው ሽቦ ወይም ውሃ የገባበት ሶኬት ጭስ አያሳየውም። በፐርጅ ቫልቩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይል) በብዙ መኪናዎች ከ20 እስከ 30 ኦም አካባቢ ይለካል፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ አለ።

መኪናውን ለጋራዥ የሚሰጡ ከሆነ «ቀዳዳውን አሳዩኝ፣ ከዚያ እንነጋገር» ይበሉ። ጭሱ የሚወጣበትን በስልክ ቀርጾ ማሳየት ለሚሠራው ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «እንቀይረውና እንየው» ከተባሉ አሮጌውን ዕቃ ፈትነው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

የዓመታዊ ምርመራ ቀን የደረሰበት ሰው ኮዱን ዋዜማ ላይ ቢያጠፋ ላይጠቅመው ይችላል። ኮድ ሲጠፋ መኪናው ራሱን የፈተነበት መዝገብም ስለሚሰረዝ፣ መዝገቡን የሚያይ መርማሪ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቁም» የሚል ያገኛል።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲሄዱም ይህንኑ ይጠቀሙበት። ማንበቢያውን ሰክተው የፍተሻዎቹን መዝገብ ይክፈቱ። መብራቱ ጠፍቶ፣ ኮድም ሳይኖር፣ ብዙዎቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» ካሉ፣ በቅርብ ቀን አንድ ሰው ኮድ አጥፍቷል ወይም ባትሪ ነቅሏል። የትነት ፍተሻው ብቻውን ያልተጠናቀቀ ከሆነ ግን ሻጩን አይጠርጥሩ፤ ከሁሉም ዘግይቶ የሚያልቀው እሱ ነው።

ከጥገናው በኋላ

ሰልባትዮውን ከሩብ በላይ ከሦስት ሩብ በታች አድርገው፣ መኪናውን ሌሊቱን አሳድረው፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ያስነሱት። ከተማ ውስጥም ክፍት መንገድ ላይም ይንዱት፤ መልሰው ያሳድሩት። ይህን ጥቂት ቀን ከደገሙ በኋላ ማንበቢያውን ሰክተው የትነት ፍተሻውን ይዩ። «ተጠናቋል» ብሎ ኮድ ከሌለ ተሠርቷል። «አልተጠናቀቀም» ካለ መብራቱ ቢጠፋም ገና አልታወቀምና አሮጌውን ዕቃ አይጣሉት።